የገንዳው ክዳን

ጉደይቢያ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣ ሊፍቱ የማይሠራ፣
ደጁ የጫማ ክምር፣ ግራው ከግራ ጋራ፤
የሰባት ልጅ ጫማ።
እናቶቻቸውማ
አንዷ ሪፋ ጠራጊ፣ አንዷ ሙሐረቅ ናት፣
አንዷ ባርብ ባርብ ብቻ ልጇን የምታያት።

ሲቲና ነች እዚያ፣ የከሚሴዋ ሴት።
በአንዲት ክፍል ቤት
ሰባቱን ታጥባለች በኤሲው ጠብታ፤
ባልዲው እስኪሞላ ታስቆጥራቸዋለች ከጧት እስከ ማታ።

ስድስቱ ይቆጥራሉ። ራውዳ ከንፈር ታያለች፣
ቁጥሩ አፍ ላይ ሲያልፍ በጣት ትይዘዋለች።
ግራ ጆሮዋ ዝግ ነው፣ ቀኙ ገርበብ ያለ፤
ስድስት ዓመት ሞላት፤
ትምህርት ቤቱ ግን «ቦታ የለም» አለ።

መጀመሪያ ስንሄድ፣ «ባጣቃዋ የታል?»
ሁለተኛ ስንሄድ፣ «ሐኪም ምን ብሎ ጽፏል?»
ሦስተኛ ስንሄድ ሰውዬው ስልኩን ያያል።
«ጆሮ ዳባ ልበስ» ሲሉ እሰማ ነበር፤
ዳባ ለባሹን ጆሮ ያየሁት ግን እዚያ፣ ከመስታወቱ በር።
«መስሚያው የሚያስፈልግ ለሱ ወይ ለልጅቱ?»
አለች ሲቲና ጮክ ብላ።
ባማርኛ ነው፣ ደግነቱ።

አስተርጓሚ እኔ ነኝ፣ የሳሎን ሠራተኛ።
«ምኗ ነሽ?» አላት። ዞር አለች ወደኛ።
ሞግዚት ልበል? ሞግዚት ደመወዝ አላት፣
ለሲቲና ግን ሲገኝ ነው፣ ሩዝ የሚያመጡላት።
የእንጀራ እናት ልበል? ቃሉ ይጎረብጣል።
የጡት እናት? ተይ እሱን፤
ጡቷ የደረቀው ያኔ ነው፣
የራሷን ጨቅላ ከሚሴ ትታ የመጣች ለት።
«ኻላ» አልኩት። አክስት። የእናቷ እህት።
ጻፈው።
አልዋሸሁም መሰለኝ፤ ቃሉ ነው የጠበበው።

«እስከ እሁድ ግን» አለ፣ «የእናቲቱ ፊርማ።»

ዘይነባ ሀማላ ናት፣ አጥሩ ረዥም ግቢ፤
ስልኳን መዳም ይዛለች፤ አርቧም ካለፈው ወር ቀርቷል።
አንድ ነገር ብቻ አይቀርም፤
ከምሽቱ አምስት ሰዓት ቆሻሻ ታወጣለች።

ቅዳሜ ማታ ሄድን። የእንድሪስ ፒካፕ ቆማ
ጥግ ይዛ፣ መብራቷን አጥፍታ፣ በጨለማ።
እርጥበቱ እንደ ፎጣ ፊታችን ላይ ተለጥፏል።
ልጅቱን አላመጣንም፤ ድምፅዋን አትመጥንም፣
እናቷን ካየች ትጮሃለች፤ ጩኸቷንም አትሰማም።

በሩ ተከፈተ።
ሁለት ጥቁር ላስቲክ በሁለት እጇ ይዛ፣
እኛን ስታይ ቆመች፣ ባለችበት ፈዛ።
ከዚያ ላስቲኩን ጣለች፣ ክዳኑን መለሰች፣
በቀሚሷ ጫፍ ዘርፉን አብሳ አደረቀች፣
ወረቀቱን ዘርግታ፣ ጎንበስ ብላ ፈረመች።
«ትበላለች?»
«ትበላለች።»
«ትስቃለች?»
ሲቲና መልስ አልሰጠች፤ ከጉያዋ አወጣች
የጠበባትን ጫማ፣ ግራውን፣ ሰጠቻት።
ዘይነባ በስንዝር ለካችው። ስንዝር ከሁለት ጣት።
አሁን የጠበበው ይሄ ነው? ብላ ልትጠይቅ፣
ከውስጥ ስሟ ተጠራ፤
ስሟ እንኳ አይደለም፣ «ያ ቢንት!» ነው የተባለው።
ጫማው የት እንደገባ አላየሁም፤
ባዶ እጇን ነው የተመለሰችው።

እሁድ ጧት ሰውዬው ወረቀቱን ገልብጦ አየ።
ጥጉ ላይ የቅባት ነቁጥ አለ።
አሸተተው።
«ይሄ ደግሞ ምንድነው?»
ሲቲና «ምን አለ?» ብላ ታየኛለች፤
እኔ አልተረጎምኩም።

ብዙ ቆየ። ማህተሙን አነሳ።
ራውዳ መዳፏን ጠረጴዛው ላይ ዘርግታ ነበር፣
ማንም ልብ ሳይላት፤
ሲመታው፣ ዱብታው በእንጨቱ አልፎ ደረሳት።
ቀና ብላ አየችን፣
እንደ ባልዲው ጠብታ
አንድ ጣት አነሳች፦
አንድ።